መዘግየቱ የት ላይ ነው?

ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ተቀምጧል። አሁን በውስጡ ያለው ውሃ 1,200 ሊትር ነው። ከታች ውሃ የሚገፋው ፓምፕ በዚህች ደቂቃ መሥራት አለበት ወይስ መቆም?

በቁጥሩ ብቻ መመለስ አይቻልም። ታንከሩ ሊያልቅ ሲል ፓምፑ ተነሥቶ፣ ውሃው እየጨመረ 1,200 ላይ የደረሰ ከሆነ ፓምፑ ይቀጥል። ሞልቶ የነበረው ታንከር ሰው እየቀዳበት ጎድሎ 1,200 ላይ የደረሰ ከሆነ ግን ፓምፑ ይረፍ፤ ገና ብዙ ውሃ አለ። የሚታየው ቁጥር አንድ ሆኖ ትክክለኛው ምላሽ ሁለት ነው። ሁለቱን የሚለየው ቀድሞ የሆነው ነገር ብቻ ነው።

ንጹህ ፋንክሽናል በሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ደግሞ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም ግብዓት ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ የፕሮግራም ክፍል፣ ለአንድ ዓይነት ግብዓት ምንጊዜም አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። አንድ ጊዜ ዋጋ የተሰጠው ስም እስከ መጨረሻው ያንኑ ዋጋ ይይዛል። «ፓምፑ ቅድም ጠፍቶ ነበር፣ አሁን በርቷል» ብሎ መጻፍ፣ ማለትም የአንድን ተለዋዋጭ ዋጋ በሌላ መተካት፣ አይፈቀድም። እንዲህ ባለ ቋንቋ ውስጥ የሚጎድልና የሚሞላ፣ የሚነሣና የሚቆም፣ ከራሱ ውጤት ተመልሶ የሚማር ነገር እንዴት ይጻፋል? ሃስኬል የተባለውን ንጹህ ፋንክሽናል ቋንቋ ለባልደረቦቼ ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን አይጠብቁም፤ ጥያቄው ራሱ ነገሩን የዘጋው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ ስለ ግብረ መልስ፣ ውጤት ተመልሶ ግብዓት ስለሚሆንበት አሠራር፣ ያለኝን ግንዛቤ ያስተካከለልኝ እሱ ነው።

ታንከሩን የመረጥኩት በቅርብ ስለማውቀው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የኖረ ሰው አሠራሩን ሳይነገረው ያውቃል። መሬት ላይ ያለው ታንከር ውሃ በሚለቀቅበት ሌሊት ከመስመሩ ይሞላል፣ ፓምፑ ከዚያ ወደ ጣሪያው ይገፋል፣ ከጣሪያው ደግሞ ውሃው በራሱ ክብደት ወደየቤቱ ይወርዳል። በብዙ ግቢ ፓምፑ የሚበራውና የሚጠፋው በጥበቃው እጅ ነው። የእኛ ግቢ ጥበቃ ውሃው ትንሽ በጎደለ ቁጥር አያበሩም፤ አንዴ ካበሩ ደግሞ ሳይሞላ አያጠፉም። «ጋሼ፣ ቶሎ ቶሎ ቢያበሩት ምን አለበት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሞተር የሚቃጠለው ሲነሣ ነው» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኃይል በመደበኛ ሥራው ላይ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የመቆጣጠሪያ መሐንዲሶች ሂስተሪሲስ የሚሉት አሠራር በሙሉ እሳቸው ከሚያደርጉት የተለየ አይደለም።

በቁጥር እንየው። ነዋሪዎቹ በደቂቃ 10 ሊትር ይጠቀማሉ፣ ፓምፑ ሲሠራ በደቂቃ 40 ሊትር ይገፋል እንበል። (እውነተኛ አጠቃቀም እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገላውን ይታጠባል፤ ለጊዜው ይለፈን።) ፓምፑ ሲሠራ ታንከሩ በደቂቃ 30 ሊትር ይጨምራል፣ ሲቆም 10 ሊትር ይጎድላል። አሁን ምንም የማያስታውስ ሕግ እንስጠው፦ ውሃው ከ1,800 ሲያንስ ሥራ፣ አለበለዚያ ቁም። ከ1,800 እንጀምር። ይቆማል፤ 1,790። ይነሣል፤ 1,820። ይቆማል፤ 1,810፣ ከዚያ 1,800፣ ከዚያ እንደገና 1,790። በየአራት ደቂቃው አንድ መነሣት፣ በቀን 360 መነሣት። ይህን ያህል የሚነሣ ሞተር ብዙ ዕድሜ አይኖረውም።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንዲያስታውስ እንፍቀድለት፤ ቀድሞ እየሠራ ነበር ወይስ ቆሞ? ሕጉ እንዲህ ይሆናል፦

ወስን(ነበር፣ መጠን) =
 መጠን ≤ 600 ከሆነ 1
 መጠን ≥ 1800 ከሆነ 0
 አለበለዚያ ነበር

1 ማለት ይሥራ፣ 0 ማለት ይቁም ነው። ከ1,800 እስከ 600 ለመውረድ 120 ደቂቃ፣ ከ600 ተመልሶ ወደ 1,800 ለመውጣት 40 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ዙር 160 ደቂቃ፣ በቀን 9 መነሣት ማለት ነው። ከ360 ወደ 9 ያወረደችው ትውስታ አንዲት ቢት፣ 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ ቦታ፣ ናት። ኮምፒውተር ከዚህ ያነሰ ነገር ማስታወስ አይችልም።

«ወስን» የተባለውን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። ንጹህ ፋንክሽን ነው። ምንም አይለውጥም፣ ከሰጣችሁት ውጭ ምንም አያይም፣ ለአንድ ዓይነት ግብዓት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ትውስታው የት ሄደ? ወደ ግብዓቱ ወጣ። «1,200 ላይ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣው ጎዶሎ ስለነበረ ነው፤ «1,200 ላይ፣ እየሠራሁ ከነበረ ምን ላድርግ?» ሲባል መልሱ አንድ ብቻ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ጆርጅ ሚሊ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ኤድዋርድ ሙር ደግሞ በ1956 የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ንድፍ ሲያጠኑ ስማቸው የወጣባቸውን ሁለት ዓይነት ማሽኖች የገለጹት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁኔታና ግብዓት ስጠኝ፣ ቀጣዩን ሁኔታና ውጤት እመልስልሃለሁ። ሁኔታ የሚባለው ማሽኑ የሚያስታውሰው ነገር ነው። በሃስኬል ነገሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። ማሽን ማለት ግብዓት ሲቀበል ሁለት ነገር የሚመልስ ፋንክሽን ነው፤ አንዱ የአሁኑ ውጤት፣ ሌላው ለሚቀጥለው ደቂቃ የሚያገለግል ማሽን። አሮጌው ማሽን አልተለወጠም፤ እዚያው አለ። ሪአክትና ሪደክስ በተባሉት የፕሮግራም መሣሪያዎች ድረ ገጽ የሠሩ ወጣት ባለሙያዎችም ሳያውቁት ይህንኑ ነው የሚጽፉት፤ መልእክትና ሁኔታ ይገባል፣ አዲስ ሁኔታ ይወጣል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ መግቢያ ጽሑፎችም እዚህ ያቆሙና «ይኸው፣ ሁኔታም ያለ ለውጥ ይቻላል» ብለው ያሰናብታሉ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ዋናው ነገር ገና አልመጣም። እስካሁን የጻፍነው ፓምፑን ብቻ ነው። የፓምፑ ውጤት ታንከሩን ይለውጣል፣ የታንከሩ መጠን ደግሞ ተመልሶ ፓምፑን ይወስናል። ዑደቱ ሲዘጋ ነው ሥራው የሚጀምረው።

ዑደቱን በዝግታ እንዝጋው። የመጀመሪያውን፣ ምንም የማያስታውሰውን ሕግ እንውሰድ፤ ከ1,800 ሲያንስ ሥራ። ደቂቃው ሲጀምር ውሃው 1,795 ነው። ታንከሩን «የአሁኑ መጠን የቀድሞው ሲደመር ፓምፑ አሁን የሚገፋው ሲቀነስ 10» ብለን፣ ፓምፑን ደግሞ «የአሁኑ መጠን ከ1,800 ካነሰ ሥራ» ብለን እንግለጽ። ፓምፑ ይሠራል ብንል መጠኑ 1,825 ይሆናል፤ ከ1,800 አላነሰምና ፓምፑ መሥራት አልነበረበትም። ይቆማል ብንል መጠኑ 1,785 ይሆናል፤ ከ1,800 አንሷልና መሥራት ነበረበት። ቢሠራም ስሕተት፣ ቢቆምም ስሕተት። እኩልታው ፈጽሞ መልስ የለውም። «የምናገረው ሁሉ ውሸት ነው» ያለው ሰው የገባበት አዘቅት ውስጥ አንድ የውሃ ፓምፕ ከተትን።

እውነተኛው ታንከር እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ተንሳፋፊው ኳስ ውሃው ከመግባቱ በፊት ከፍ አይልም። ውሃ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፣ የገባውም ይጠራቀማል፤ የአሁኑ መጠን የትናንቱ፣ የቅድሙና ከአፍታ በፊት የሆነው ሁሉ ድምር ነው። ታንከሩ ራሱ ትውስታ ነው። ተቃርኖው የመጣው በወረቀት ላይ መዘግየቱን ስለዘለልን ነው፤ «አሁን» ያልነውን በሁለቱም በኩል ስለጻፍን።

መዘግየቱን እንመልስ። በዚህ ጊዜ ትውስታ ያለውን ሕግ እንጠቀም፦

መጠን = 1800 ከዚያ ያለፈ(መጠን) + 40 × ያለፈ(ፓምፕ) − 10
ፓምፕ = 0 ከዚያ ወስን(ያለፈ(ፓምፕ)፣ መጠን)

«1800 ከዚያ» ማለት በመጀመሪያዋ ደቂቃ 1800፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በስተቀኝ ያለው ማለት ነው። «ያለፈ» ማለት የባለፈችው ደቂቃ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ «መጠን» አንድ ቁጥር አይደለም፤ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ ሌለው መጨረሻ የሚዘረጋ የቁጥሮች ፍሰት ነው። ምንም አይለወጥም። 1,800፣ 1,790፣ 1,780 እያለ የሚሄደው ዝርዝር ሙሉ ታሪኩ ነው፣ ታሪክ ደግሞ አይቀየርም። ሁለቱ ፍሰቶች አንዱ በሌላው ተገልጸዋል፤ ነገር ግን «ያለፈ» ስላለ እያንዳንዷ ደቂቃ የምትፈልገው ነገር ቀድሞ ተሰልቷል። ሃስኬል ካልተጠየቀ የማያሰላ ቋንቋ ስለሆነ እነዚህን ሁለት እኩልታዎች ከሞላ ጎደል እንዳሉ መጻፍ ይቻላል፤ መጨረሻ የሌለውን ዝርዝር የተጠየቀውን ያህል ብቻ ይገልጠዋል። «ያለፈ» የሚለውን ብታነሡት ፕሮግራሙ መልስ ፍለጋ ራሱን ሲያሳድድ ይኖራል፣ ወይም እድለኛ ከሆናችሁ ዑደት ውስጥ መግባቱን ራሱ አውቆ ይቆማል።

አሁን የተለመደውን፣ ተለዋዋጮች በየመስመሩ የሚቀየሩበትን አጻጻፍ ከዚህ ጋር እናነጻጽር። እዚያ ይህ ጣጣ የለም የሚሉ አሉ፤ መስመሮቹ በተራ ይፈጸማሉ፣ ፕሮግራሙም አይሰናከልም። እውነት ነው። ግን የማይሰናከለው ለምንድን ነው? መዘግየቱን የመስመሮቹ ቅደም ተከተል በዝምታ ስለሚያስገባው ነው። ከላይ የተጻፈው መስመር የታችኛውን አሮጌ ዋጋ ያያል። ሁለት መስመር ብቻ ከሆኑ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ብታገላብጧቸው አንዱ ከሌላው እየተፈራረቀ ስለሚሄድ የሚለወጠው አጀማመሩ ብቻ ነው። ሦስት ሲሆኑ ነገሩ ይመጣል። ታንከር፣ ሴንሰር፣ ፓምፕ እንበል። ሴንሰሩ ታንከሩን ያነባል፣ ፓምፑ ሴንሰሩን ያያል፣ ታንከሩ ከፓምፑ ይቀበላል። በ«ሴንሰር፣ ፓምፕ፣ ታንከር» ተራ ከተጻፉ በዑደቱ ውስጥ አንድ የደቂቃ መዘግየት አለ። በ«ፓምፕ፣ ሴንሰር፣ ታንከር» ተራ ከተጻፉ ፓምፑ የሚያየው የባለፈችውን ደቂቃ ንባብ ነው፤ መዘግየቱ ሁለት ሆነ። ታንከሩ 1,800 ላይ መቆሙ ቀርቶ 1,830 ይደርሳል። ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ምንም አይልም፣ የሥራ ባልደረባችሁም ኮዱን ሲያነብ ምንም አያይም። ኮዱን «ለማሳመር» አንድ መስመር ከፍ ያደረገ ሰው የፊዚክስ ሕጉን ለውጦ ይሄዳል።

በእኩልታዎቹ አጻጻፍ ግን መስመሮቹን እንደፈለጋችሁ አገላብጧቸው፤ ምንም አይለወጥም። መዘግየት ያለው «ያለፈ» የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም። ንጹህ ፋንክሽናል አጻጻፍ ሁኔታን ያጠፋል የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ሁኔታው አለ፤ የተከለከለው ሳይናገሩ ማሳለፍ ነው።

የሚሊንና የሙርን ልዩነት ማወቅ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሁለቱ ማሽኖች ለፈተና የሚሸመደዱ ሁለት ሥዕሎች ነበሩ። በሚሊ ማሽን ውጤቱ በአሁኑ ግብዓት ላይ ይመሠረታል፤ ሲነኩት ወዲያው ይመልሳል። በሙር ማሽን ውጤቱ በሁኔታው ላይ ብቻ ይመሠረታል፤ የአሁኑ ግብዓት የሚታየው በሚቀጥለው እርምጃ ነው። በዑደት ውስጥ ካሉት ሳጥኖች፣ ማለትም እንደ ታንከርና ፓምፕ ካሉት ክፍሎች፣ ቢያንስ አንዱ ሙር ከሆነ ዑደቱ በሰላም ይዘጋል፤ ሁሉም ሚሊ ከሆኑ የፓምፑ ተቃርኖ በር ያንኳኳል። ታንከሩ ሙር ነው፣ ፓምፓችን ሚሊ። በሃስኬል ሁለቱን የተለያየ ዓይነት (ኮምፓይለሩ የሚፈትሸው ምድብ) ብትሰጧቸውና ዑደት የሚዘጋው ፋንክሽን ከሁለቱ አንዱ የግድ ሙር እንዲሆን ብትጠይቁ፣ መልስ የሌለው ዑደት ከመጀመሪያውም በኮምፓይለሩ አያልፍም። የዓይነት ሥርዓት ለእንዲህ ያለ ነገር ሲውል ደስ ይለኛል፤ ቁጥርና ጽሑፍ እንዳይደባለቁ ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ ነው።

ይህን ሐሳብ በቁም ነገር ከያዙት መካከል የበረራ መሐንዲሶች መኖራቸው አያስገርምም። ፈረንሳይ ውስጥ በግረኖብል ፖል ካስፒ፣ ኒኮላ አልብቫክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሉስትር የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። የመቆጣጠሪያ መሐንዲሶች የሚያስቡት በእኩልታና በሳጥን ሥዕል መሆኑን አይተው ቋንቋውን በዚያው ልክ ሰፉት። በሉስትር ማንኛውም ስም የዋጋዎች ፍሰት ነው፣ ያለፈውን ዋጋ የሚጠራ ቃል አለ፣ ማንኛውም ዑደት ደግሞ በዚያ ቃል ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ኮምፓይለሩ ይመልሰዋል። ከእኔ ሁለት መስመሮች ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተማርኩት ከእነሱ ነው። ከሉስትር የወጣው ስኬድ የተባለው የኢንዱስትሪ መሣሪያ የኤርባስ ኤ380 የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን ለመጻፍ አገልግሏል። ፋንክሽናል አጻጻፍ የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ነው ለሚለኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል።

በሃስኬል በኩል ያለው ታሪክ የበለጠ ወጣ ገባ ነው። ኮናል ኤሊየትና ፖል ሁዳክ እ.ኤ.አ. በ1997 ፍራን የተባለውን ሥራ ሲያቀርቡ ሐሳባቸው ደፋር ነበር፤ ጊዜን በደቂቃ አትቁረጡት፣ የሚለዋወጥ ነገር ሁሉ የተከታታይ ጊዜ ፋንክሽን ይሁን። የታንከሩ መጠን የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ኢንተግራል፣ በጊዜ ውስጥ የተጠራቀመ ድምሩ፣ ነው፣ በቃ። ከእኔ «ደቂቃ በደቂቃ» ይልቅ ይህ ለእውነቱ የቀረበ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሲወርድ ግን ችግር አመጣ፤ ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ፍሰት በማንኛውም ሰዓት ሊጠይቅ ስለሚችል ያለፈውን ሁሉ መያዝ ግድ ሊሆን ይችላል፣ ሜሞሪውም እያበጠ ይሄዳል። ቀጥሎ በየል ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ያምፓ ነገሩን አጠበበው። ፍሰቱን በእጅ አትይዙትም፤ መያዝ የምትችሉት ፍሰትን ወደ ፍሰት የሚቀይረውን ሳጥን ብቻ ነው። ሳጥኖቹን ትቀጣጥላላችሁ፣ ዑደት ስትፈልጉ አንዱን ውጤት ወደ ግብዓት ትመልሳላችሁ። ነፃነቱ ቀነሰ፣ ትውስታው ግን በሳጥኑ ውስጥ ተወሰነ። ከፍራን ውበት የተወሰነ ነገር ጠፍቷል፤ ንግዱ ግን የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ወደ ታንከሩ እንመለስ፤ ሴንሰሩ ንባቡን አዘግይቶ የሚልክ ከሆነስ? ባትሪ ለመቆጠብ የሚተኙ ርካሽ ሴንሰሮች እንዲህ ያደርጋሉ። ንባቡ በ6 ደቂቃ ከዘገየ ፓምፑ 1,800 መድረሱን የሚያውቀው 1,980 ላይ ሆኖ ነው፤ ታንከሩ ለጥቂት ተረፈ። በ7 ደቂቃ ከዘገየ 2,010 ይሆናል፤ ውሃው ጣሪያው ላይ ይፈስሳል። ሕጉ አንድ ነው፣ ፓምፑም አንድ ነው፤ የተጨመረው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 የእንፋሎት ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎችን ሲያጠና የተከታተለው ጥያቄም የዚሁ ዘመድ ነበር፤ ለማረጋጋት የተሠራ ነገር መቼ ይረጋጋል፣ መቼስ ራሱ የመናወጥ ምክንያት ይሆናል?

በሞዴሉ ውስጥ ይህን ለመጻፍ ያለፉትን 7 ንባቦች የሚይዝ ወረፋ ያስፈልጋል። አንድ ንባብ ከኋላ ይገባል፣ አንዱ ከፊት ይወጣል። ወረፋው የሁኔታው አካል ነው። ይህን ስጽፍ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ፤ 7 ደቂቃ መዘግየት ማለት 7 ንባብ ማስታወስ ማለት ነው። «ይህ ሥርዓት ምን ያስታውሳል?» እና «በዚህ ሥርዓት ውስጥ መዘግየቱ የት ላይ ነው?» አንድ ጥያቄ ናቸው። ፓምፑን ያዳነችው አንዲት ቢት ባለፈችው ደቂቃ የተሰጠው ውሳኔ ናት፤ ታንከሩን ያጥለቀለቀውም በየደቂቃው የተጠራቀመው ያው ያለፈ ነገር ነው።

ሁሉም ነገር ፋንክሽን ሲሆን የሚገኘው ጥቅም ሙከራ ላይ ይታያል። አንድ ቀን ማለት የ1,440 ቁጥሮች ዝርዝር ስለሆነ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የአጠቃቀም ቀናትን ፈጥሮ «ታንከሩ ከ2,000 አልፎ ያውቃል?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ኩዊክቼክ የተባለው፣ ኩን ክላሰንና ጆን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡት መሣሪያ የሚሠራው ይህን ነው። ጥሩው ነገር ጥሰት ሲያገኝ የ1,440 ቁጥር ክምር አይወረውርባችሁም፤ እያሳጠረ እያሳጠረ ጥፋቱን የሚያሳየውን ትንሽ ምሳሌ ያቀርባል። ሌላም ጥቅም አለ። አሮጌው ሁኔታ ስለማይጠፋ ከአንድ ደቂቃ ተነሥቶ ሁለት መንገድ መሄድ ይቻላል፤ በአንደኛው ፓምፑ በ600 ይነሣል፣ በሌላኛው በ900፤ ጎን ለጎን ሄደው ይነጻጸራሉ። ተለዋዋጭ በሚቀየርበት ፕሮግራም ይህን ለማድረግ መጀመሪያ ዓለሙን ሁሉ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ አንዲት የተረሳች ተለዋዋጭ ካለች ደግሞ ሁለቱ ዓለሞች በድብቅ ይነካካሉ።

ዋጋ ያስከፍላል ወይ? ያስከፍላል። ካልተጠየቀ የማያሰላ ቋንቋ የሁኔታ ወዳጅ ብቻ አይደለም። ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተነሣ የሚቆጥር ቁጥር በሁኔታው ውስጥ አስቀምጡና ዓመቱን ሙሉ፣ 525,600 ደቂቃ፣ ሳትጠይቁት አስኪዱት። ሃስኬል የደንበኛውን ዱቤ በየቀኑ እየጻፈ ዓመቱን ሙሉ ሳይደምር እንደሚቆይ ባለ ሱቅ ይሆናል፤ መዝገቡ ይወፍራል፣ ድምሩ የለም። በመጨረሻ «ስንት ነው?» ስትሉ ግማሽ ሚሊዮን ያልተደመረ መደመር ይጠብቃል። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ የሁኔታውን መስኮች በየእርምጃው እንዲሰሉ ማስገደድ ነው። ግን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ቋንቋውም አያስታውሳችሁም። ስለ ግልጽነት ይህን ያህል የሚሰብክ ቋንቋ በዚህ ላይ ዝም ማለቱ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሌላው የማልወደው ነገር የአጠቃቀም ልማድ ነው። ሃስኬል ሁኔታን ከእርምጃ ወደ እርምጃ በራሱ የሚያሻግር፣ ሞናድ የሚባል አሠራር አለው፤ ለብዙ ሥራ ምቹ ነው። ግን ጀማሪው ቶሎ የሚያደርገው ሁሉንም ነገር፣ ታንከሩን፣ ፓምፑን፣ ሴንሰሩን፣ ሰዓቱን፣ በአንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ጨምሮ ማንኛውም ፋንክሽን ማንኛውንም መስክ እንዲያነብና እንዲጽፍ መፍቀድ ነው። ዓይነቱ ንጹህ ነው፣ ኮምፓይለሩም ረክቷል። የመስመሮች ቅደም ተከተል ግን ተመልሶ መጣ፤ መዘግየቱም ተመልሶ ተደበቀ። እንዲህ ካለ ሃስኬል ይልቅ ተለዋዋጮች በሚቀየሩበት በሲ ቋንቋ በጥንቃቄ የተጻፈ ፕሮግራም እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ምን እንደሆነ አይደብቅም።

አሁን ሞዴሉ ላይ የመሬቱን ታንከር እየጨመርኩ ነው። ፈረቃው ሲያልፍ የመሬቱ ታንከር ባዶ ይሆናል፤ ፓምፑ ያለ ውሃ ከዞረ ደግሞ መዝጊያው ይግላል፣ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ መከላከያ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ከታች ውሃ ከሌለ ፓምፑን የሚያቆም። ዑደቱ አሁን አራት ሳጥን ሆኗል። ሁለቱ ታንከሮች ሙር ናቸው፣ ክርክር የላቸውም። ፓምፑን የሚወስነውም እንደ ሙር ቢጻፍ ችግር የለውም፤ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ቢነሣ ማንም አይጠማም፣ ዘግይቶ ቢያቆምም ከፍተኛው መጠን 1,830 ነው። መከላከያው ግን ደቂቃ ሊጠብቅ አይችልም፤ ውሃው ባለቀበት ቅጽበት መመለስ አለበት፣ ስለዚህ ሚሊ መሆኑ ግድ ነው። በአራት ሳጥን ዑደት ውስጥ አንድ ሚሊ ብቻ ስላለ ኮምፓይለሩ ተቀብሎታል። የሚቀረው ጥያቄ የደቂቃዋ ርዝመት ነው፤ መከላከያው «ወዲያው» የሚለው በእርምጃው ውስጥ ስለሆነ እርምጃውን ወደ አንድ ሰከንድ ማሳጠር ሊኖርብኝ ነው። ያን ሳደርግ የ7 ደቂቃው ወረፋ 420 ንባብ የሚይዝ ይሆናል።